ሐርቡ የሌለበት መንገድ

«እሱ ከዚህ አጥር አይገባም!» አለች ሰዒዳ፤ ወስፌውን ከሰሌኑ አልነቀለችም። «ሼሁ ይግቡ፣ ቤታቸው ነው። አንተም ግባ። እሱ ግን እዚያው ፀሐዩ ላይ ይቁም።»

ልብስ ሰፊው ሲራጅ አንድ እግሩን አስገብቶ አንዱን ውጭ እንደተወ ቀረ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሼህ ጀይሉን አየ። ሼሁ ዘንጋቸውን ተደግፈው አቀበቱን እያለከለኩ ይመጣሉ። ከእሳቸው አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ደግሞ አደም አለ። አዲስ ጀለቢያ ለብሷል፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ተጫምቷል፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚጠራውን ይጠብቃል። ባሏ በነበረ ጊዜ እንዲህ አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም።

«አካም ኦልቴ፣ ልጄ?» አሉ ሼሁ በሩ ላይ ሲደርሱ፤ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሀምዱሊላህ። ይግቡ አባቴ፣ ጥላው ላይ ይቀመጡ።»

«ብቻዬንማ አልገባም። ሦስት ሆነን ወጣን፣ ሦስት ሆነን እንገባለን። እምቢ ካልሽ እኔም ከአደም ጋር ፀሐዩ ላይ እቆማለሁ።»

እንግዲህ ምን ይባላል? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁሞ ሰሌን መታታት ነውር ነው። ጎረቤቱ ደግሞ አጥር ለአጥር ተለጥፎ ጆሮውን አቁሟል። ሰዒዳ በአገጯ መደቡን አሳየቻቸውና ሦስቱም ገቡ።

የመጡበትን ጉዳይ ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። አደም ዘንድሮ ለሐጅ ሊሄድ ነው፤ ያውም እስከ አሰብ በእግሩ። ከአሰብ መርከብ ይሳፈራል። አውሮፕላኑ ለባለጸጋ ነው፤ አደም በስንት ዓመት ያጠራቀመው ለመርከቡ ብቻ ይበቃል፤ ለጭነት መኪና ከከፈለ ከባሕሩ ወዲህ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ረመዳን እንደተፈታ በእግሩ ሊነሳ ቆርጧል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት የሰው ሐቅ ከጫንቃው ማውረድ አለበት። ቤት ለቤት ዞሮ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ያስቀየመው ሰው ሁሉ «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» ይለዋል፤ ይቅር ተባባሉ ማለት ነው። አደም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲዞር ሰነበተ። ወሰን ገፋኝ ብሎ ስድስት ዓመት ያኮረፈው ሰውዬ ሳይቀር አፉ ብሎታል። የቀረችው አንዲት ቤት የሰዒዳ ናት።

አደም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠና በየቤቱ ያለውን እዚህም አለ።

«ሰዒዳ፣ መንገደኛ ነኝ። መመለሴን አላህ ያውቃል። አብረን ስንኖር ክፉ ተናግሬሽ፣ አስቀይሜሽ እንደሆነ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ።»

«ምኑን?» አለች።

«እ?»

«ምኑን ነው አፉ የምልህ? ስሙን ጥራው።»

አደም ሼሁን አየ። ሼሁ መቁጠሪያቸውን አዩ።

«ያለፈውን ሁሉ ነዋ» አለ በመጨረሻ።

«ሁሉንማ አልበደልከኝም። ደህና ደህና ቀንም ነበረን፤ አልክድም። የአንድ ቀን ነው የኔና ያንተ ነገር። እሱን ጥራልኝ።»

«ልጄ» አሉ ሼሁ፣ «ቁስል ሲነካኩት ያመረቅዛል። እሱ አፉ በይኝ ብሏል፤ አንቺም አፉ በይ። አጅሩ፣ የአላህ ዋጋው፣ ያንቺ ነው።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ሼሁ። እኔ መች ነካካሁት? ራሱ ነው ያልዳነው።»

ሲራጅ ደግሞ ዝምታ የማይችል ሰው ነው፤ ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣ። ወር ሙሉ መንገድ ዳር ሻይ ከሚጠጡት የጭነት መኪና ሾፌሮች እየጠየቀ፣ በገዛ እጁ የጻፈው የአደም የጉዞ ዕቅድ ነው። ሲያነብ የሚያዳምጠው ሰው ባገኘ ቁጥር ደስ ይለዋል።

«እትዬ ሰዒዳ፣ አያ አደምን የሚጠብቃቸውን መከራ ብትሰሚ እኮ ልብሽ ይራራ ነበር» አለና ማንም ሳይጠይቀው ማንበብ ጀመረ። «ማክሰኞ ከፈጅር ሶላት በኋላ ከከሚሴ መነሳት። ማታ ኮምቦልቻ ማደር። ረቡዕ ዕረፍት። ሐሙስ ተነስቶ ማታ ባቲ መድረስ። ከባቲ ሚሌ ሦስት ቀን። ከሚሌ ተንዳሆ ሁለት ቀን። ከተንዳሆ አሰብ ስምንት ቀን። በየቀኑ ከጠዋት እስከ መግሪብ መጓዝ። ስንቅ፣ በሶና በበርበሬ የታሸ ድርቆሽ። ውኃ፣ ሁለት ቅል። ከተንዳሆ በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ጉድጓድ ስላለ ሁለቱንም ቅል እዚያ መሙላት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ውኃ የለም።»

«የጉድጓዱን ማን ነገረህ?»

«ሾፌሮቹ ናቸዋ! ሁሉም እዚያ ቆመው ነው ውኃ የሚሞሉት።»

«ለማን?»

«እንዴት ለማን?»

ሰዒዳ አንድ የዘምባባ ዝንጣፊ አነሳችና በጥፍሯ ትሰነጥቅ ጀመር።

ያንን ጉድጓድ ታውቀዋለች። አባቷ ጀይላን በግመል ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በአሥራ ሦስት ዓመቷ እሷን አስከትሎ በረሃውን ሁለት ጊዜ አቋርጦ ተመልሷል። ግመለኞቹ ያንን ጉድጓድ «መራራው» ይሉት ነበር። ጨው ነው። ሾፌር ለመኪናው ራዲያተር ይቀዳዋል፤ ሰው ከጠጣው ግን ሆዱን ያፈሰዋል፣ ጥሙንም ያብስበታል። ጥሩው ውኃ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ወዲህ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በደረቀ ወንዝ አሸዋ ሥር ነው። መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ከየት አይቶት! አደም ሁለት ቅል መራራ ውኃ ተሸክሞ ሁለት ቀን ውኃ በሌለበት አገር ቢገባ፣ የሚቀብረው እንኳ አይገኝም።

ደስ አላት። እውነቱን መናገር ከሆነ፣ ደስ አላት። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» ብትል ሼሁ ይመርቋታል፣ ጎረቤቱ «ወይ ሰዒዳ፣ ልበ ሰፊ» ይላታል፣ እሱም በአዲስ በረባሶው ቀጥ ብሎ ወደ ሞቱ ይሄዳል። ማን ያውቃል? ማንም። ሐሳቡ ጣፋጭ ሆነባትና መልሳ ደነገጠች። «አዑዙ ቢላህ» አለች በሆዷ።

ደግሞ ሌላም ነገር ሰምታለች። ከከሚሴ ኮምቦልቻ በአንድ ቀን! ሃምሳ ኪሎሜትር፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ በመጀመሪያው ቀን። በመካከሉ ሐርቡ አለ። መንገደኛ ሁሉ የሚያድርበት ሐርቡ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ እንኳ አልተጠራም። ሲራጅ ይህን አላስተዋለም፤ እሷ ግን ማን እንዳስዘለለው ታውቃለች።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ አንድ ዓ.ም.፣ ያ የወባው ዓመት፣ ልጃቸው አስያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ በያዛት በአራተኛው ቀን «ደሴ ሆስፒታል አድርሷት» ተባሉ። በክረምቱ ጎርፍ ድልድይ ተሰብሮ መኪና አልነበረም። አደም ግን በቅሎ ነበረው፤ ዳማ በቅሎ፣ በአገሩ ስም ያላት። በማግስቱ የባላባቱን ልጅ ሙሽራ ልትጭን ታጥባ፣ ኮርቻዋ ቀይ ግምጃ ለብሶ በር ላይ ቆማለች። «ሙሽራ የምትጭን በቅሎ በዋዜማው በሽተኛ ከጫነች ገዱ ይከፋል» አለ አደም። «ቃል ገብቻለሁ። ሰው ምን ይለኛል? ከነገ ወዲያ እወስዳታለሁ።» ሰዒዳ ከነገ ወዲያን አልጠበቀችም። ልጇን በነጠላ አዝላ፣ አንድ ቅል ውኃ አንጠልጥላ ወጣች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ስታዝል ምን ያህል እንደምትከብድ ያዘለ ያውቀዋል። ቀትር ላይ ቅሉ አለቀ። የቦርከና ወንዝ ከመንገዱ ታች ይታያል፤ ግን ልጇን ብቻዋን መንገድ ዳር አስተኝታ ልትወርድ አልቻለችም። «እማ፣ ውኃ» ትላለች አስያ። «አሁን፣ እናቴ፣ አሁን እንደርሳለን።» «እማ፣ ውኃ።» ሐርቡ ሊደርሱ ሲቃረቡ ውኃ ማለቱን ተወች። የማያውቋቸው የሐርቡ ሰዎች ከፈን አምጥተው፣ ከወገናቸው መቃብር ቦታ ሰጥተው ቀበሩላት። ሙሽራዋ በበቅሎዋ ላይ እልል ተብሎላት ገባች። ሰዒዳ ከዚያ ወዲህ የአደምን ደፍ አልረገጠችም፤ እሱም ፍቺውን በሰው ላከላት።

«ምነው ዝም አልሽ፣ እትዬ ሰዒዳ?» አለ ሲራጅ፤ ወረቀቱ እንዲመሰገንለት ይጠብቃል።

«ይኼ መንገድ ነው ብለህ ነው? ይኼ ሰው መግደያ ነው» አለች። የጀይላን ልጅ ናትና የተበላሸ መንገድ ሲነበብ ዝም ብሎ መስማት አልሆነላትም። «እርሳስህን አውጣ። ማክሰኞ አይወጣም፤ ሐሙስ ነው የሚወጣው። ባቲ እሑድ ማታ እንዲገባ አድርገህ ቁጠር። ሰኞ ገበያ ነው። አፋሮቹ ከሰዓት በኋላ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው ልጆቹን ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ይፈልግና፣ ትምባሆ ሰጥቶ እንግዳህ ነኝ ይበለው። እንግዳዬ ነህ ካለው ማንም ጫፉን አይነካውም። ብቻውን ከገባ ግን የራሱ ጉዳይ!»

ሲራጅ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ እያረሰ ይጽፋል። ሼሁ ፊታቸው በራ።

«ከባቲ ወዲያ ቀን ለቀን መጓዝ የሚባል የለም። ከዐስር ሶላት እስከ ውድቅት፣ ደግሞ ከፈጅር እስከ ረፋድ። ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛ። በበርበሬ የታሸ ድርቆሽ ያልከውን ሰርዘው፤ ጥም ተሸክሞ ነው የሚሄደው? በሶ ይብቃው፣ ተምር ይጨምር። ቅል ድንጋይ ላይ አንዴ ከወደቀ አለቀ፤ ባቲ ላይ የፍየል ቆዳ ውኃ መያዣ ይግዛ።»

«ጻፍ፣ ልጄ፣ ጻፍ» አሉ ሼሁ። «እኔ ነኝ ያለ ግመለኛ አባት ነው የወለዳት።»

ውኃውን ግን ለመጨረሻ አቆየችው።

«ከከሚሴ ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ያልከውንም ሰርዝ። የመጀመሪያ ቀኑን ያስረዘመ ሰው ሁለተኛውን ተኝቶ ይውላል። ሐሙስ ሐርቡ ይደር። ዓርብ ኮምቦልቻ ጁምዓውን ይስገድ። ቅዳሜ ደጋን፣ እሑድ ባቲ።»

«ሐርቡ ይቅር» አለ አደም።

ከገባ ጀምሮ ስለ መንገዱ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ሲራጅ እርሳሱን አንስቶ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። ሼሁ ግን የከሚሴን ሽምግልና በከንቱ አልኖሩትም፤ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሱ።

«የዐስር ሶላት ደርሷል። ሲራጅ፣ ና ከጓሮ ውኃ አፍስስልኝ፣ ውዱእ ላድርግ።»

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አደም የበረባሶውን ጠፍር ይነካካል።

«አምስት ዓመት ሆነኝ ሐርቡን ካየሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኮምቦልቻ ስሄድ በጋራው ነው የምዞረው። ግማሽ ቀን ይጨምርብኛል። አልችልም፣ ሰዒዳ።»

ይህን አታውቅም ነበር። ልቧ ለአፍታ ሊሸሽባት አለና መልሳ ያዘችው።

«እኔ እሷን አዝዬ ችዬዋለሁ። አንተ ባዶ ጀርባህን ያቅትሃል?»

«በቅሎዋ…» አለና ተወው።

«በል እንጂ፣ በቅሎዋ ምን?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ያኔ።»

«ስማኝ፣ አደም። የበደልከው እኔን አይደለም፤ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ይኸው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ሐርቡ እደር። መቃብሯ ላይ ቁምና ያደረግከውን ስሙን ጠርተህ ንገራት። ያን ካደረግህ እኔ አፉ ብያለሁ። ማንም ተመልሶ መጥቶ አይጠይቀኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ብያለሁ።»

አደም ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሰዒዳም አየችው። ቢናገር፣ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ባለቀ ነበር።

«ስንት ሰው ሊሸኘኝ አብሮኝ ይወጣል» አለ። «ሐርቡ አድራለሁ ካልኩ እስከዚያው እያዜሙ ነው የሚያደርሱኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቃብር ላይ ቆሜ… ሰው ምን ይለኛል? ስመለስ ይሁን። ኢንሻአላህ ሐጅ አድርጌ ስመለስ እቆማለሁ።»

ሰዒዳ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ከነገ ወዲያ እወስዳታለሁ» አለችው። «ያኔም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

አደም ከመደቡ ተነሳ። ሼሁና ሲራጅ ከጓሮ ሲመለሱ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ አገኙት።

«እንሂድ፣ ሼሁ» አለ። «እኔ የድርሻዬን ጠይቄያለሁ። እሷ አፉ አትልም።»

«ልጄ?» አሉ ሼሁ።

«አላልኩም፣ አባቴ።»

ሼሁ ብዙ አልለመኑም። ራሳቸውን ነቀነቁና «አላህ ያግራልሽ» ብለው ወጡ። ሲራጅ ግን ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ዘገየ። «ሐርቡ ይደር» የሚለውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል፤ ሊሰርዘው ነው።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ፣ እትዬ ሰዒዳ? ሌላው ሁሉ እንደጻፍኩት ነው?»

«የለም» አለች። «እንደጻፍከው ነው።»

ሄዱ። ጎረቤቱም ከአጥሩ ተላቀቀ። አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል፣ «እንዴት ያለች ልበ ደንጋይ ናት! የሐጅ መንገደኛ እኮ ነው!» ስትል ተሰማት። ሰዒዳ ወስፌዋን አነሳችና ከቆመችበት ቀጠለች። አንድ ረድፍ ሰፋች። ሁለተኛውን ጀምራ ተወችው። የሰውየውን ፊት ልታስብ ብትሞክር አልመጣላትም፤ የመጣባት ባዶው ቅል ነው። ያ ቀትር፣ ያ በጀርባዋ ላይ የሚነድ ትኩሳት፣ ያ ከነጠላው ሥር የሚመጣ ቀጭን ድምፅ።

«እማ፣ ውኃ።»

ወስፌውን እንደያዘች በባዶ እግሯ ወጥታ ቁልቁለቱን ሮጠች። ሦስቱ ሰዎች መኪና መንገዱ ጋ ደርሰው ነበር።

«ሲራጅ! ቁም!»

ሦስቱም ዞሩ። እሷ አደምን አላየችውም፤ ለሲራጅ ነበር የምትናገረው፣ እያለከለከች።

«ያ ጉድጓድ የሰው አይደለም፤ ጨው ነው። መኪና ነው የሚጠጣው። ከተንዳሆ በሁለተኛው ቀን ማታ ሰፊ የደረቀ ወንዝ አለ። ከመንገዱ በስተቀኝ ወንዙን ይዞ ይግባ፣ አንድ ሶላት ተሰግዶ እስኪያልቅ ያህል። ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ሥር አሸዋውን በክንዱ ልክ ይቆፍር። ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይታገሥ። የያዘውን ሁሉ ከዚያ ይሙላ። ጻፍ! ፊቴ ጻፍ!»

ሲራጅ አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ። አስነበበችው። «በስተቀኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበችው። አደም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«አልሀምዱሊላህ!» አሉ ሼህ ጀይሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «አላህ ልብሽን አራራው። አፉ አልሽው ማለት ነው፣ ልጄ!»

ሰዒዳ ወስፌዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ውኃ ነው ያልኩት፣ ሼሁ» አለች። «አፉ አላልኩም።»